ይድረስ መስፈርት ለምትጽፉ ሁሉ፦ ክርስትና ሳይነሳ ስለቀረ አንድ ሄሊኮፕተር

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ "የሚቀርበው ዕቃ ይህን ያህል ቶን የሚያነሳ፣ ይህን ያህል ሜትር የሚረዝም፣ ይህን ያህል ፈረስ ጉልበት ያለው" እያላችሁ ለምትጽፉ ሰዎች ነው። የመከላከያ ሁኑ፣ የመንገድ፣ የመብራት፣ የውሃ፣ ለእኔ አንድ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስፔስፊኬሽን ትሉታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ቢጋር። እኔም ከእናንተው አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ከአጥር ውጭ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አድርጋችሁ አትዩኝ። የራሴን ጥፋት ወደ ኋላ ላይ እናዘዛለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ሄሊኮፕተር ላሳያችሁ። (ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞስኮ ውስጥ ከያሮስላቭስኪ ጣቢያ የከተማ ዳርቻውን ባቡር ተሳፍራችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ብትሄዱ ሞኒኖ ትደርሳላችሁ። እዚያ የአየር ኃይል ሙዚየም አለ። ተማሪ ሳለሁ ስሙን ብቻ ነበር የምሰማው፤ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ ቅዳሜ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውሮፕላኖቹ ሜዳ ላይ በረዶ ለብሰው ተደርድረዋል። ከሩቅ ያን ነገር ሳየው ሄሊኮፕተር መሆኑን አላመንኩም። ሰውነቱ የጭነት አውሮፕላን ነው፣ ጭራው የአውሮፕላን ነው፣ ክንፍም አለው። ብቻ በክንፎቹ ጫፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ግዙፍ ማራገቢያዎች ተሸክሟል። ሥሩ ቆሜ ሽቅብ ሳይ ምላጮቹ በራሳቸው ክብደት ጎብጠው ወደ መሬት ተንጠልጥለው ነበር፤ ዝናብ የመታው የኮባ ቅጠል ነው የሚመስሉት።

ቪ-12 ይባላል። ሚ-12 የሚለው ስም የተቀመጠለት ተመርቶ አየር ኃይሉ ሲረከበው እንዲወጣለት ነበር። አልተረከበውም። ክርስትና ሳይነሳ ቀረ። ሁለት ብቻ ተሠሩ፣ ሁለቱም ለሙከራ።

መጠኑን በቁጥር ከምነግራችሁ በሜዳ ልንገራችሁ። ከአንዱ ማራገቢያ ዳር እስከ ሌላው ዳር 67 ሜትር ነው። የደንቡ የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ብቻ ነው የሚያንሰው። ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሳ 105 ቶን ይመዝናል። የዕቃ መጫኛው ከ28 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከፍታውና ስፋቱ 4.4 ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 6,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አራት ሞተሮች አሉት።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ እንምጣ። ይህን ነገር ማን ጠየቀ?

የጠየቀው መስፈርት ነው። ሐሳቡ በሚል ዲዛይን ቢሮ መጠናት የጀመረው በ1959 ነው። በ1961 የሶቪየት መንግሥት ከ20 እስከ 25 ቶን የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ይሠራ ብሎ ፈቀደ። ቀጥሎ የመጣው ዝርዝር ደግሞ ጠበቅ ያለ ነበር። የመጫኛው ሆድ ከአንቶኖቭ-22 አውሮፕላን ሆድ ጋር ይመሳሰል፣ አህጉር አቋራጭ ሚሳይሎችንም ይያዝ ይላል። ሥዕሉ ይገባችኋል? አውሮፕላኑ ሚሳይሉን ከፋብሪካ እስከ አንድ አየር ማረፊያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፣ ረግረግና ደን ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ይቀበልና ሚሳይሉ የሚተከልበት ድረስ ያስገባዋል። በ1961 ይህ የእብድ ሐሳብ አልነበረም። እኔ ብሆንም እፈርም ነበር።

ችግሩ የወደቀው ሚካኤል ሚልና ባልደረቦቹ ትከሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ትልቁ ሄሊኮፕተር ሚ-6 ነው። ሚ-6ን የእኛ ሰዎች ያውቁታል። በ1978 በኦጋዴኑ ጦርነት፣ በካራማራ ጊዜ፣ ሰውና ቀላል ብረት ለበስ ከተራራው ወዲያ ማዶ አሻግሮ ያወረደው እሱ ነው። እዚያ የነበረ አጎቴ እስኪሞት ድረስ "ሰማይ ላይ ቤት ሲሄድ አየን" ይል ነበር። የሚ-6 ማራገቢያ 35 ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ልሥራ ብትሉ ምላጩ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ይጎብጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ካምቢዮው ነው። በፍጥነት የሚሽከረከረውን የሞተር ጉልበት ወደ ቀርፋፋ ማራገቢያ የሚያወርደው እሱ ነው፤ ማራገቢያው ባደገ ቁጥር ማርሾቹ የሚሸከሙት ጭንቅ ከልክ በላይ ያድጋል። መኪና የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ሞተር መጨመር ቀላል ነው፣ ካምቢዮው ነው የሚያስቸግርህ።

እነሚል ምን አደረጉ? አዲስ ከመፍጠር ያለውን በሁለት አባዙ። የሚ-6ን ሁለት ሞተር፣ ካምቢዮና ማራገቢያ እንዳለ አንስተው ግራ ክንፍ ጫፍ ላይ ሰቀሉ፤ ሌላውን ደግሞ ቀኝ ላይ። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ሄሊኮፕተሩን የማሽከርከር ጉልበታቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ጭራ ላይ ትንሿ ማራገቢያ አታስፈልግም። መሐል ለመሐል አንድ ረጅም ዘንግ ሁለቱን ካምቢዮዎች ያገናኛል። በአንድ ወገን ያሉት ሞተሮች ቢጠፉ የሌላው ወገን ሞተሮች ሁለቱንም ያዞራሉ። ደግሞም የሁለቱ ማራገቢያዎች ክብ መሐል ላይ ሦስት ሜትር ያህል ይደራረባል፤ ዘንጉ እኩል ባያስኬዳቸው ምላጭ ከምላጭ ይማታ ነበር።

ክንፉን ሳየው ብዙ ቆየሁ። አብዛኛው የአውሮፕላን ክንፍ ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ነው። ይሄኛው ተገልብጦ ነው የተሰካው፤ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ይጠብባል፣ ወደ ጫፉ ይሰፋል። መጀመሪያ የሙዚየሙ ሰዎች ተሳስተው የገጠሙት መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ከላይ ከማራገቢያው የሚመጣው ንፋስ ክንፉን ወደ ታች ይጫነዋል፣ የተጫነው ያህል ደግሞ ከማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። ንፋሱ ደካማ የሆነው ከማራገቢያው እምብርት ሥር ነው፣ እምብርቱ ደግሞ ያለው ክንፉ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ንፋስ በሚደክምበት አሰፉት፣ ንፋስ በሚበረታበት አጠበቡት። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ሰውነቴን ይወረኛል። አንድ ሰው ማታ መብራት አጥፍቶ፣ ጣሪያ እያየ ያሰበው ነገር ነው።

ቀላል አልነበረም። ሰኔ 27 ቀን 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያነሱት ሞከሩ። ገና ከመሬት ለቀቅ ሲል መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መንቀጥቀጡም በረታ። አብራሪው መልሶ መሬት ላይ አሳረፈው፤ ጎማ ፈነዳ፣ የመንኮራኩሩም ብረት ጎበጠ። የምዕራብ ጋዜጦች ሄሊኮፕተሩ ተሰባበረ ብለው ጻፉ፣ ውሸት ነው። እውነተኛው ምክንያት ከጋዜጣው ወሬ ይልቅ ይጥማል። የአብራሪው ክፍል ወለል ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ መሪው ማራገቢያዎቹን ያዛል፤ ማራገቢያዎቹ ወለሉን መልሰው ያንቀጠቅጣሉ። እባብ ጭራውን ነክሶ እንደሚዞረው። ማንም ሳያዘው ራሱን ራሱ ያዘዋል። አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ሐምሌ 10 ቀን 1968 በሰላም በረረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ተረት ይመስላል። የካቲት 1969 ላይ 31 ቶን ይዞ ወደ 3,000 ሜትር ተጠጋ። ነሐሴ 6 ቀን 1969 ደግሞ በአብራሪው ቫሲሊ ኮሎሼንኮ እጅ 44,205 ኪሎ ተሸክሞ 2,255 ሜትር ወጣ። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አራት መቶ ኩንታል ይጭናል እንል የለ? ይሄ 442 ኩንታል ነው። ያንን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ተጠጋ፤ መቶ ሜትር ገደማ ነው የቀረው። የጠየቁት 25 ቶን ነበር፣ የሰጣቸው 44። እስከ ዛሬ ይህን ክብረ ወሰን የሰበረ ሄሊኮፕተር የለም።

ሚል ጥር 31 ቀን 1970 አረፈ። ሥራውን ማራት ቲሽቼንኮ ተረከበ። በ1971 ፓሪስ ለቡርዤ የአየር ትርኢት ላይ ሲያሳዩት ሰው ጉድ አለ። የአሜሪካኖቹ የሄሊኮፕተር ባለሙያዎች ማኅበር እንኳን በሄሊኮፕተር ሠሪው በሲኮርስኪ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። በዚያ የቀዝቃዛ ጦርነት ዘመን፣ ለሶቪየት መሣሪያ! ሁለተኛው በ1973 በረረ።

አየር ኃይሉ ግን ለመንግሥታዊ የመረከቢያ ሙከራ እንኳን አልቀበልም አለ። ምክንያት ብዙ ይጠቀሳል። ዋናው ግን አንድ ነው፤ ሊሸከመው የታሰበው ጭነት ጠፋ። ከባድ ሚሳይል በሄሊኮፕተር እያስገቡ በፍጥነት መትከል የሚባለው ሥራ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አስፈላጊነቱ ቀረ። በ1974 ሥራው ቆመ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ማሽኑ አልወደቀም። መሐንዲሱ አልሰነፈም። ከተጠየቀው በላይ አምጥቷል። ፈተናውን ደፍኖ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ጠበቀው።

አሜሪካም የራሷ አላት። ኤክስሲኤች-62 ይባላል፣ የቦይንግ ቬርቶል ሥራ ነው፣ ውሉ የተፈረመው በ1971 ነው። ወደብ በሌለበት ባሕር ዳር ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር አንስቶ ምድር ላይ እንዲያወርድ ነበር የታሰበው፣ 22.5 ቶን። ሦስት ሞተር፣ ፊትና ኋላ ሁለት ማራገቢያ። እሱን የያዘው ካምቢዮው ነው። መሬት ላይ ሲፈተን ማርሹ ተሰበረ። ስሌቱ የማርሹን ጠርዝ እንደማይታጠፍ አድርጎ ወስዶት ነበር፤ ጠርዙ ግን ቀጭን ነበርና ታጠፈ። ስሌቱን አሻሽለው ማርሹን አጠነከሩ። ግን በ1975 ኮንግረሱ ገንዘቡን ቆረጠ፣ ሄሊኮፕተሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። በ80ዎቹ ሊያስነሱት ሞክረው አልሆነም። አላባማ ፎርት ራከር ሙዚየም ግቢ ለዓመታት ቆሞ በ2005 ቆራረጡት። ሞኒኖ ያለው ቢያንስ ይታያል።

ሁለቱን ያነሳሁት ላወዳድር አይደለም። የመሐንዲስ ስህተት መፈተኛ ጠረጴዛ አለው። ማርሹ ይሰበራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ በማግስቱ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰውዬው ቀና ብሎ መሄድ ያፍራል። የእናንተ ስህተት ግን የሚፈተንበት ማሽን የለም። "44 ቶን ያነሳል ወይ?" የሚለውን የሚለካ መሣሪያ አለ። "የሚነሳ 44 ቶን አሁንም አለ ወይ?" የሚለውን የሚለካ የለም። ከ1961 እስከ 1974 አሥራ ሦስት ዓመት ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተወልዶ ድምፁ ይጎረንናል።

አሁን የእኔ ተራ ይሁን።

ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የክሬን ግዥ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አርባ ቶን የሚጠጋ ትራንስፎርመር መጥቶ ግቢው በር ላይ ተጎልቷል። የሚያነሳው የለም። መስፈርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። 50 ቶን አልኩ፣ ለጥንቃቄ። የአንገቱን ርዝመት፣ የጎማውን ቁጥር፣ የመንጠቆውን ዓይነት ሳይቀር ጻፍኩ። ኮራሁበት። ጨረታ ወጣ፣ ቅሬታ ቀረበ፣ ጨረታው ተሰረዘ፣ እንደገና ወጣ፣ ባንክ ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና) ተከፈተ፣ ጂቡቲ ቆመ። ሦስት ዓመት።

በመሐሉ ትራንስፎርመሩን የሚጠብቅ ከተማ አለ፣ መብራት ይጠፋል። አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩን። "እስቲ ልሞክረው" አሉ። የሐዲድ ቁራጭ ለቃቀሙ፣ አራት ክሪክ፣ ወፍራም አጣና፣ ሁለት ባልዲ ግራሶ። በአንድ በኩል በክሪክ አንድ ጣት ያህል ያነሱታል፣ እንጨት ይከቱበታል፣ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ከዚያ ግራሶ በተቀባው ሐዲድ ላይ እየተገፋ። በቀን የሚሄደው ጥቂት ሜትር ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ቦታው ገባ። ፎርማኑ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሻይ ጠየቁ። ክሬኑ ያን ጊዜ ገና ባሕር ላይ ነበር።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። ትራንስፎርመሩ ቦታው ገባ ብዬ ለኮሚቴው አንዲት መስመር ደብዳቤ አልጻፍኩም። "ሌላ ሥራ አይጠፋለትም" አልኩ በሆዴ። ውሉ ይሰረዝ ብል ማን ይሰማኛል አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ መስፈርቱ የእኔ ነበር፣ ሲመጣ ላየው ጓጉቼ ነበር። ክሬኑ የወንበሩ ፕላስቲክ ሳይነሳ መጣ። ተረካቢ ኮሚቴውም ውስጥ ነበርኩ። እያንዳንዱን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት፤ አንገቱ ልክ፣ ጎማው ልክ፣ መንጠቆው ልክ። "በመስፈርቱ መሠረት ተሟልቶ ተረክበናል" ብለን ፈረምን። እውነት ነበር። አንድም ነገር አልጎደለውም።

ሞኒኖ በረዶው ላይ ቆሜ ያስታወስኩት ይህንን ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። መስፈርቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከቶኑም ከሜትሩም በፊት፣ ይህ ዕቃ ምን ሊያነሳ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ከባድ ዕቃ ለማንሳት" አትበሉ፤ የትኛውን ዕቃ፣ የት ያለውን፣ እስከ መቼ። ከሥሩ የሰው ስም ይኑር። ያ ሰው በየዓመቱ ሄዶ ዕቃው አሁንም እዚያ መኖሩን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ዕቃው ከሌለ ውሉን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው፣ ስላስቆመም አይወቀስ። እኛ ጋ ያስጀመረ ይሾማል፣ ያስቆመ ይጠረጠራል፤ "ምን በልቶ ነው?" ይባላል። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግማሹ ይሄ ነው። ግማሹ ስንፍና ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ጭነታችሁ ከአንድ በላይ ይሁን። ቲሽቼንኮ ከቪ-12 በኋላ የሠራው ሚ-26 ነው፤ በታኅሣሥ 1977 በረረ። አንድ ማራገቢያ፣ ስምንት ምላጭ፣ 32 ሜትር ብቻ፣ 20 ቶን። ከቪ-12 ክብረ ወሰን ግማሹን እንኳን አይደርስም። ግን የታሰበው ለአንድ ሚሳይል አይደለም፤ ለመኪናውም፣ ለዶዘሩም፣ ለነዳጁም፣ ለወታደሩም ነው። በመቶዎች ተመረተ። በ1986 በቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ላይ ሠራ። በ2002 አፍጋኒስታን ውስጥ የወደቀ የአሜሪካ ቺኑክ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ አወጣ። አሁንም ይሠራል። በረዶ ለብሶ የቆመው ወንድሙ ግን የሚበልጠው ነው።

መሐንዲሶቹን ደግሞ አትሳቁባቸው። "ሳይመረት የቀረ" የሚለውን ቃል የምትጽፉት በእነሱ ስም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያልተመረተው በእናንተ ፊርማ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያ መሥሪያ ቤት በኩል ሳልፍ ጥበቃውን ሰላም ልል ገባ አልኩ። ክሬኑ ባሕር ዛፉ ሥር አለ። ጎማው ተኝቷል። የጥበቃው ባለቤት ከመንጠቆው እስከ አጥሩ ገመድ ወጥራ የልጆች ልብስ አስጥታበታለች። ጥበቃው ወጣት ነው፣ ያን ዘመን አያውቀውም።

"አባባ፣ እርስዎ እዚህ ሠርተው የለ? ይሄ ነገር ለምን ነበር የመጣው?" አለኝ።

"ትራንስፎርመሩን ቦታው ሊያስገባ" አልኩት።

ዞር ብሎ ትራንስፎርመሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ገብቷል እኮ" አለኝ።